ማሰሮዋን የሰበረችው ድመት

ዲሴምበር 6

ዛሬ የቅዱስ ኒኮላ በዓል ነው። ቱትራካን ብሆን ኖሮ አባባ ከዳኑብ ያወጣውን ትልቅ ዓሣ እማዬ በሊጥ ጠቅልላ ትጋግረው ነበር። እዚህ ሶፊያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ምሳችን ምስር ነበር። ስቪሌና ሳህኗን አንስታ፣ “ዓሦቹ እኛ ነን፤ ዛሬ እንዳይበሉን ተጠንቀቁ!” አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ሳቁ አለቀ።

ስቪሌና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች። የቢራቢሮ ዋና ነው የምትዋኘው። የማትፈራው ነገር የለም። እኔ የምዋኘው የደረት ዋና ነው። አባባ “የእንቁራሪት ዋና” ይለዋል፤ እኔንም እንቁራሪቴ ይለኛል።

አሰልጣኛችን ጓድ ሚንኮቫ ከልምምድ በኋላ ሰበሰቡን። “ማርች ላይ ቫርና የወጣቶች ሻምፒዮና አለ። በየዋናው አንደኛና ሁለተኛ ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣሉ። ጊዜው ያልተሻሻለለት ደግሞ ሻንጣውን ያዘጋጅ” አሉ። ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። እኔን መሰለኝ።

በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ፎቶ ተሰቅሏል። ሁሉም ትከሻቸው ሰፊ ነው። አንዷም የፈራች አትመስልም።

ዲሴምበር 14

መብራት ጠፋ። ክረምቱን ሙሉ በፈረቃ ነው። በጨለማ ዋኘን። ጓድ ሚንኮቫ ገንዳው ጫፍ ላይ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ “ወደ መብራቱ! ወደ መብራቱ!” ይላሉ። ስቪሌና፣ “አባትሽ ዓሣ የሚያጠምደው እንዲህ ነው?” አለችኝ። አባቴ ሳይሆን አያቴ ነው ልላት ነበር። አባት የለኝም ማለት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።

ግድግዳውን ሳላየው በጣቴ መታሁት። አብጧል።

“ራሊና፣ ውሃውን እንደ በሽተኛ ታስታምሚዋለሽ። ግፊው እንጂ!” አሉኝ። ልክ ናቸው። ውሃን መግፋት ያሳፍረኛል። ይህን ለማንም መናገር አልችልም።

ዲሴምበር 30፣ ቱትራካን

ቤት ነኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የጎረቤታችን የጋሽ ፔንኮ ቀብር ሆነ። እትዬ ኩና በራቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ በሚስማር አስመትተዋል። ሬሳው ከበር ሲወጣ የሸክላ ማሰሮ አምጥተው ደፉ ላይ ፈጠፈጡት፤ ሞት ወደዚያ ቤት እንዳይመለስ ነው። ስባሪው እስከ እኛ በር ድረስ ተፈናጠረ።

አባባ ከአጥሩ ሥር በካፖርቱ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። በጆሮዬ፣ “ምን የመሰለ ማሰሮ! የተሰነጠቀ ቢሰብሩ ምን ነበረበት? ሞት ማሰሮ አያማርጥ” አለኝ። ሳቄ አምልጦኝ አፌን በእጄ ያዝኩ። እማዬ በዓይኗ ገሠጸችን።

እትዬ ኩና ብቻቸውን ቀሩ። ድመታቸው እንኳን በጋ ላይ ሞታባቸዋለች። ሰፈሩ ውስጥ ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ስለሆነ ሰው ይገባላቸዋል፤ እሱ ይሻላል።

አባባ ሌሊቱን ሙሉ ይስላል። ሲስል ግድግዳው ውስጥ ያለ ነገር የሚነቃነቅ ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 1

አዲስ ዓመት። ልጆች በፈንዲሻና በደረቀ ፍሬ ያጌጠች ቅርንጫፍ ይዘው የትልልቆችን ጀርባ እየመቱ ጤና ይመኛሉ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ አፈርኩ። አባባ ግን ወንበር ስቦ ጀርባውን ሰጠኝ። “ነይ ምቺኝ! አንቺ ካልመታሽኝ ዓመቱ ለእኔ አይጀምርም።”

የጀርባው አጥንት በሹራቡ ላይ ይቆጠራል። ነካሁት እንጂ አልመታሁትም።

“ይሄ ምት ነው? በዚህችማ ጤና የማገኘው ለግማሽ ዓመት ነው። ድገሚው!”

እትዬ ኩና ቡና ሊጠጡ መጥተው እያዩኝ ነበር። አፍሬ አልደገምኩትም። ቅርንጫፏን ከምድጃው በላይ ሰቀልኳት።

ጃንዋሪ 8

ሶፊያ ገባሁ። በባቡሩ ውስጥ አልተኛሁም።

ስወጣ አባባ ማሰሮውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። ፈተና የሚሄድ፣ መንገድ የሚሄድ ሰው እግሩ ፊት ውሃ ይፈስለታል፤ ነገሩ እንደ ውሃ እንዲቀናለት። አባባ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አፍስሶልኛል፤ ለእያንዳንዱ ውድድር፣ ሁልጊዜ በዚያች እጀታዋ በተላጠች ማሰሮ። ትናንት ግን እጁ ተንቀጥቅጦ ውሃው ግራ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

“እንደ ውሃ ይቅናሽ፣ እንቁራሪቴ።”

እማዬ ጮኸች። “አባዬ፣ አሁን በረዶ ይሆናል! ሰው ያንሸራትታል!”

“ይንሸራተታ! የተንሸራተተም ወደፊት ነው የሚሄደው።”

መናኸሪያ ስደርስ ጫማዬ በርዶ ድንጋይ ሆኗል። እስከ ሶፊያ አላወለቅኩትም።

ጃንዋሪ 20

የእሑድ ስልክ። እማዬ ከእትዬ ኩና ቤት ትደውላለች፤ እኔ የአዳሪው ተቆጣጣሪ ክፍል ሆኜ አነሳለሁ። አባባ መስመሩን ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ይመስል ይጮህበታል።

“አሰልጣኝሽ ምን አለች?”

“ውሃውን ግፊው አሉኝ።”

“ልክ ናት! ውሃ አይከፋውም፤ ለምዶታል!”

“መድኃኒትህን ትወስዳለህ?”

“ራኪያዬን፣ አረቄዬን እወስዳለሁ!” ከዚያ ሳል። ሳሉ ሳያልቅ እማዬ ስልኩን ወሰደችው።

ለዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ቫርናን በሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ነግሯቸዋል። የወጣቶች ውድድር በሬዲዮ እንደማይተላለፍ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 3

እማዬ ብቻዋን ደወለች። አባባ ተኝቷል አለችኝ። ድምፅዋ ታፍኗል። “አልቅሰሻል እንዴ?” ስላት፣ “ሽንኩርት ስከትፍ ነበር” አለች።

ለእትዬ ኩና ልትከትፍላቸው ገብታ ይሆናል። እማዬ ደግ ናት።

ፌብሩዋሪ 5

ስዞር ግድግዳውን ሳትኩ። ጓድ ሚንኮቫ አልጮሁብኝም። ከገንዳው ስወጣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ “ደህና ነሽ?” አሉኝ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 9

ስቪሌና ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን አልጋዋን ለቀቀችልኝ።

“ለምን?”

“ሞቀኝ።”

መስኮቱ ከውስጥ በረዶ ጋግሯል። እንዴት ይሞቃታል? ቀልድም አልጨመረችበትም። ክፍል ስገባ ሁሉም ወሬ ያቆማሉ።

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አምና ካሊናን ወደ ቤቷ ከመስደዳቸው በፊት እንዲሁ ነበር ያደረጓት። ሁሉም ሰው ደግ ሆነላት፤ የወጥ ቤቷ ሴትዮ እንኳን ከፍራፍሬው ጭማቂ ሁለት ጊዜ ቀዳችላት።

ዛሬ ለእኔ ሁለት ጊዜ ቀዳችልኝ። አልጠጣሁትም።

ፌብሩዋሪ 10

እማዬ ደወለች። “አባባስ?” አልኳት።

“ወንዝ ወርዷል።”

“በሳሉ?”

“እ… ተሽሎታል።”

ማታ ሬዲዮው ዳኑብ እስከ ሩማንያ ዳር ድረስ በረዶ ሆኗል፣ ጀልባ ቆሟል አለ። በረዶውን በስተው ያጠምዱ ይሆናል። ድሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር ብሎ አባባ ነግሮኛል። አዎ፣ ነግሮኛል።

ፌብሩዋሪ 13

ዛሬ የሆነውን በሙሉ እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የዋና ቆቤን ረስቼ ተመለስኩ። የአሰልጣኞቹ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ጓድ ሚንኮቫ በስልክ ይነጋገራሉ። “አይ፣ ምንም አታውቅም። ልጆቹም አፋቸውን ይዘዋል” አሉ። አዳመጡ። ከዚያ፣ “ከቫርና በኋላ እንነግራታለን። አሁን ብትሰማ ውድድሩ አበቃለት” አሉ። ቆቤን ሳልወስድ ሄድኩ።

ስለዚህ ተወስኗል ማለት ነው። እኔን ይሰዱኛል። ታዲያ ለምን ቫርና ይወስዱኛል? መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ይሆናል። ወይም ጓድ ሚንኮቫ አዝነውልኝ ይሆናል። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ስቪሌናም። አልጋው ለዚያ ነው።

ቱትራካን ተመልሼ ምን እሠራለሁ? እማዬ ያለችበት ልብስ ፋብሪካ ያስገቡኝ ይሆናል። ሒሳብ አልችልም። ዋና እንጂ ሌላ አልተማርኩም፤ ትምህርት ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። እማዬ አትቆጣም፤ ዝም ትላለች። አባባ ግን አለመቆጣት ብቻ አይደለም፤ ይስቃል። “በቃ፣ መረብ መጠገን አስተምርሻለሁ” ይለኛል። ለዓሣ አጥማጆቹም አንድ ምክንያት ይፈጥርልኛል፤ ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር ይላቸዋል። እንዲህ ከሚያደርግ ቢሰድበኝ ይሻለኛል።

ስቪሌና ከላይኛው አልጋ ሆና፣ “ራሊ፣ ነቅተሻል?” አለች። የተኛሁ መሰልኩ። “ጎበዝ ነሽ እኮ” አለች በጨለማው። ስቪሌና ማንንም ጎበዝ ብላ አታውቅም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ፌብሩዋሪ 16

መጥፎ ጊዜ። ክንዴ እንጨት ሆኗል። ጓድ ሚንኮቫ ሰዓቱን ተመልክተው ኪሳቸው ከተቱት። ይጩሁብኝ እባክዎ። አንድ ጊዜ።

ፌብሩዋሪ 19

ከባለፈውም የባሰ። ስቪሌና እንኳን ቀደመችኝ፣ በእኔው በደረት ዋና። ቀደመችኝ ብላም አልሳቀችብኝም።

ፌብሩዋሪ 24

እማዬ ለማርች አንድ ልትመጣ ነው።

“አባባም ይመጣል?”

መስመሩ ተጠላልፏል። ሌላ ሰው እያወራ ይሰማል፤ ስለ ድንች።

“መንገዱ ይከብደዋል” አለች።

ማርች 1

እማዬ በማለዳ ባቡር ደረሰች። መተላለፊያው ይሞቃል፤ ካፖርቷን ግን እስከ አንገቷ ቆልፋ አልከፈተችውም። ከስታ አየኋት። ስትስመኝ አልለቀቀችኝም፤ ልጆቹ እያዩን ስለነበር አፈርኩ።

ለማርች መግቢያ የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር እጄ ላይ አሰረችልኝ። ሽመላ እስካይ ወይም ያበበ ዛፍ እስካይ አልፈታውም። ክሩን ሁልጊዜ የሚገምደው አባባ ነው፤ እንደ መረብ ገመድ አጥብቆ ስለሚያከረው ይጠማዘዛል። ይሄኛው ላላ ያለ ነው።

“አንቺ ነሽ የገመድሽው?”

“እጁ ይንቀጠቀጣል።”

“ያንቺስ የታለ?” እሷ እጇ ላይ ምንም የለም። በየዓመቱ በአጥሩ ላይ፣ በፍየሏ አንገት ላይ ሳይቀር የምታስረው እማዬ ናት።

“ረሳሁት” አለች።

ጓድ ሚንኮቫ መጡና ሁለቱ መስኮት ጋ ቆመው ተንሾካሾኩ። ጓድ ሚንኮቫ እማዬን ክንዷን ያዟት። ስለ እኔ መሰደድ ነው። እማዬም ታውቃለች ማለት ነው። እሷን እንዲህ ያከሳት ይሄ ከሆነ ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ?

ልትሄድ ስትል፣ “ቫርና ስትሄጂ አልኖርም፤ አሁን ላፍስስልሽ” ብላ ከስቪሌና የጥርስ ብሩሽ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ደረጃው ላይ አፈሰሰችልኝ። ላስቃት ፈልጌ፣ “ማሰሮዋን ይዘሽ አትመጪም ነበር?” አልኳት።

“ተሰበረች።”

“ማን ሰበራት?”

እማዬ ስቪሌናን አየቻት፤ ስቪሌና መሬቱን አየች።

“ድመት። የእትዬ ኩና ድመት።”

“አባባ ምን አለ?”

“ምንም አላለም።”

የሰው ማሰሮ ሲሰበር ያን ያህል የተቆጨ ሰው በራሱ ማሰሮ ምንም አላለም።

ማርች 2

ልምምድ። ጥሩ አይደለም። ስለ ድመቷ አላስብም።

ማርች 9

መብራት የለም። በጨለማ ዋኘን። በጨለማ ይሻለኛል፤ የሚያዝንልኝ ፊት አይታየኝም።

ክሩን በጥርሴ አጠበቅኩት። ተመልሶ ላላ።

ማርች 14፣ ቫርና

ባሕሩ ከሆቴሉ መስኮት ይታያል፤ አመድማ ነው። ነገ ጠዋት ነው የምዋኘው።

ከእራት በኋላ ጓድ ሚንኮቫ ክፍላችን መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስቪሌና ምንም ሳትባል ወጣች። “ነገ ስለ ማንም አታስቢ። ግድግዳውን ብቻ አስቢ” አሉኝ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤

“ጓድ ሚንኮቫ፣ ወደ ቤት የምትሰዱኝ መቼ ነው?” አልኳቸው።

“ምን?”

“ሰምቻለሁ። በስልክ ከቫርና በኋላ እንነግራታለን ብለዋል። በሩ ክፍት ነበር። ሆን ብዬ አልሰማሁም።”

እኔን ሳይሆን ግድግዳውን አዩ።

“አንቺ ልጅ… እስካሁን ድረስ ያን እያሰብሽ ነው የዋኘሽው?”

“አዎ።”

“ማንም አይሰድሽም። ብትወድቂም አልሰድሽም። በእናቴ አጥንት እምልልሻለሁ። ሰማሽ?”

ሰማሁ። እውነታቸውን እንደሆነ ከዓይናቸው አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የለመንኩት ይሄንን ብቻ ነበር።

ከቫርና በኋላ የሚነግሩኝ ግን ምንድነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቢጠየቁም የሚመልሱ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን “ደህና ይደሩ” አልኩ።

ስቪሌና ተመልሳ ተኝታለች።

የእትዬ ኩና ድመት የሞተችው በጋ ላይ ነው። ከወንዙ ዳር ስንቀብራት ጉድጓዱን የቆፈረው አባባ ነው።

መብራቱን ላጥፋ።

ማርች 15

ጠዋት። ቆቤ። መነጽሬ። ክሩን አልፈታሁም። ጠሩን።

ማርች 15፣ ማታ

ሁለተኛ ወጣሁ። ቡድኑ ውስጥ ገብቻለሁ። አስቀድሜ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ እሱን ስለሆነ።

ውሃው ውስጥ ስገባ ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ለወራት የፈራሁት ነገር አልነበረም፤ ያልፈራሁት ነገር ደግሞ ሆኗል። የሚፈራ አልቀረም። ገፋሁት። አልከፋውም።

ግድግዳውን ስነካ ቦርዱን አላየሁም። ወደ ወንበሮቹ አየሁ። እማዬ ሳትነግረኝ መጥታ ከኋላ ረድፍ ቆማ ነበር፤ ካፖርቷን ከፍታዋለች። ከውስጥ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ጓድ ሚንኮቫ በፎጣ ጠቅልለውኝ ልብስ መቀየሪያው ጋ ወሰዱን። እማዬ እጆቼን ያዘች። አወቅሁ ልላት ነበር። ከዚያ ፊቷን አየሁት፤ ያን ሁሉ ሳምንት ብቻዋን ተሸክማው መጥታ ማስቀመጫ የምትፈልግ ሴት ፊት። ስለዚህ ዝም አልኩና ነገረችኝ። እንደ አዲስ ሰማሁት። እንደ አዲስም አመመኝ።

“መቼ?”

“ሽንኩርት ያልኩሽ ቀን… ከቀብሩ መመለሴ ነበር። አትንገሯት ያለው ራሱ ነው። ‘እንቁራሪቴ ትዋኝ፤ እኔ የትም አልሄድ’ አለ። ማሰሮዋንም ራሱ ነው የመረጣት። ‘የእኔን ስበሩ፤ የተላጠች ናት’ አለኝ።” እማዬ ሳቀችና ሳቋ ልቅሶ ሆነ።

ጓድ ሚንኮቫ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። “ለእኔም እንዲሁ አድርገውልኝ ነበር” አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። “ቡካሬስት ለውድድር ሄጄ አባቴ ሞተ። ስዋኝ ደብቀውኝ ሜዳሊያ አገኘሁ። ስመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ ነገሩኝ። ልክ ሠርተዋል ስል ነው የኖርኩት። ትናንት ማታ ግን እንዲያ ስትጠይቂኝ…”

“ሜዳሊያውስ?” አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

“የት እንዳለ አላውቅም” አሉ።

ስቪሌና በር ላይ ቆማ ነበር። ገብታ አቀፈችኝ። “ድመቷን ስትል ልሞት ነበር” አለችኝ በጆሮዬ። “በሕይወቴ ምስጢር ጠብቄ አላውቅም፤ ሁለተኛ እንዳታስይዙኝ።”

ማርች 17፣ ቱትራካን

በራችን ላይ አዲስ ሚስማር አለ፤ ጥቁሩ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። ቅርንጫፌ አሁንም ከምድጃው በላይ አለች። ፈንዲሻዋን አይጥ በልቷታል። አወረድኳትና ተመልሼ ሰቀልኳት።

እትዬ ኩና አዲስ ማሰሮ ሰጡን። “የድመቴ ዕዳ ነው፤ ነፍሷን ይማርና ስንት ተዋሸባት” አሉ። ከበረዶው የቀለጠው ውሃ ወንዙን ሞልቶታል፤ የአባባ ጀልባ በሆዷ ተገልብጣ ዳር ላይ ናት።

እማዬ ወይን ይዛ፣ እኔ ማሰሮውን ይዤ መቃብር ሄድን። እማዬ ወይኑን እንደ ልማዱ አፈሰሰችለት። እኔ ከእግሩ በኩል ዞርኩ። ሁልጊዜ የሚያፈሰው እሱ ነው፤ እኔ ለማንም አፍስሼ አላውቅም። ማሰሮው ሞልቶ ስለነበር በሁለት እጄ ያዝኩት።

“እንደ ውሃ ይቅናህ፣ አባባ” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው። የሚያልፉ ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። ቢያዩኝም አላፈርኩም።

እጄ ተንቀጠቀጠና ውሃው ግራ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። እማዬ አፏን ልትከፍት አለችና ተወችው። እስከ ቤት ድረስ አላወለቅኩትም።